ሞዴል 19ኙ የት ገባ? የሰነድ ማኅደርንና ኢአርፒን በጥንቃቄ ማገናኘት

ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ፣ መጋዘኖቹ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደጀን የሆነ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እናስብ። ቡሬ ላይ 120 ኩንታል በቆሎ ይራገፋል። የሚዛን ወረቀት ይወጣል፣ መጋዘን ኃላፊው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆርጣል፣ ሻጩ መሠረታዊ ማኅበር ደረሰኙን ያስረክባል። ኢአርፒው (ግዥን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ የሚይዘው ሶፍትዌር) ላይ «120 ኩንታል ገቢ» የሚል አንድ መስመር ይሞላል። ወረቀቶቹ ግን አንዱ በቴሌግራም ፎቶ፣ አንዱ በሾፌሩ ኪስ፣ አንዱ በክላሰር ይቀራሉ። ሒሳብ ክፍል ሊከፍል ሲል «ሞዴል 19ኙ የት ገባ?» ይጀመራል።

መፍትሔው የሰነድ ማኅደር ሲስተሙን (ስካን የተደረጉ ወረቀቶች የሚቀመጡበትን) ከኢአርፒው ጋር ማገናኘት ነው። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው መላክ ለደህና ፕሮግራመር የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ አንቆይም። ጣጣው ሌላ ነው፦ ኢአርፒው ላይ በጥንቃቄ የተከለከለ ሰው በማኅደሩ በኩል ዞሮ ያንኑ ሰነድ ሲከፍተው፣ ወይም ከጸደቀ በኋላ ወረቀቱ ሲቀየር ማንም ሳያውቅ ሲቀር። የሚከተለው በዋናነት ይህን ለመዝጋት ነው።

ማን የምኑ ባለቤት ነው

ኮድ ከመጻፉ በፊት ይህ በአንድ ገጽ ይወሰንና ይፈረምበት። መጠን፣ ዋጋ፣ የአቅራቢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ክፍያው የደረሰበት ደረጃ የኢአርፒው ናቸው። ፋይሉ ራሱ፣ እትሙ፣ የሚቆይበት ዘመን፣ ዋናው ወረቀት ያለበት ክላሰርና መደርደሪያ የማኅደሩ ናቸው። በመካከላቸው ተመዝግቦ የሚቀረው የሰነዱ መለያ ቁጥርና የፋይሉ ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ የጣት አሻራው) ብቻ ይሁን። ኢአርፒው ላይ ያለው የማያያዣ ቁልፍ ፋይሉን እዚያው እንዳያስቀር ወደ ማኅደሩ አዙሩት። ካልዞረ አንዱ ደረሰኝ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ አንዱ ታርሞ፣ ሌላው ሳይታረም።

ነባር አባሪዎችን ከማዛወራችሁ በፊት የት እንደተቀመጡ እዩ። ኢአርፒኔክስት የተባለው ኢአርፒ የግል ፋይሎችንና የሕዝብ ፋይሎችን በተለያየ ፎልደር ያስቀምጣል፤ የግል ተብሎ ያልተመረጠ ውል አድራሻውን ላገኘ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል። ኦዶ የተባለው ሌላው ኢአርፒ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ አባሪዎችን ከዳታቤዙ ውጭ በራሳቸው ፎልደር ስለሚያኖር ዳታቤዙን ብቻ ባክአፕ ሲያደርግ የኖረ ቢሮ አባሪ የሚባል ነገር የለውም። ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ በተቃጠለ ማግስት ነው።

ወረቀቱ ሲገባ

ስካን በ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች)፣ በቀለም ወይም ቢያንስ በግራጫ ይሁን። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለው ምርጫ ፋይሉን ያሳንሳል፣ ግን የማኅተሙን ሐምራዊ ቀለም ይበላዋል፤ ማኅተም የሌለው ሞዴል 19 ደግሞ ለኦዲተር ወረቀት ብቻ ነው። በካርቦን የወጣ ደብዛዛ ቅጂ ከሆነ የስካነሩን ንፅፅር ከፍ አድርጉ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ያደበዝዙታል፤ በዚያው ቀን ስካን ይደረግ፣ ለሳምንት መጨረሻ አይከማች።

አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በግራጫ ሳይታመቅ 8.7 ሜጋባይት ያህል። ታምቆ ፒዲኤፍ ሲሆን 400 ኪሎባይት ብላችሁ አስሉ። በቀን 400 ገጽ የሚያስገባ ዩኒየን በቀን 160 ሜጋባይት፣ በ300 የሥራ ቀን 48 ጊጋባይት ይፈልጋል። በ2 ሜጋቢት መስመር የቀኑ ሁሉ ፋይል ለመሄድ 11 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ የመስመሩ ፍጥነት አያሳስባችሁ፤ የሚያሳስበው መቆራረጡ ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን በፒዲኤፍ ኤ ቅርጽ አስቀምጡ፤ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ ከዓመታት በኋላም እንደተቀመጠው ይከፈታል።

ሰነዱን ከግብይቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው የሚተይበው ስም አይሁን። የሞዴል 19ኙን ተከታታይ ቁጥር በባርኮድ ስቲከር አትማችሁ ከላይ በቀኝ በኩል ለጥፉ፤ ስካነሩ ያንን አንብቦ ኢአርፒውን «ይህ ቁጥር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሌለ ፋይሉ ወደ ማቆያ ይግባ እንጂ በግምት አይያያዝ። ሥዕልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴሰራክት የአማርኛ ሕትመት ያነባል፣ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አትመኑት፤ ገንዘብና ኩንታል ከሥዕል ተነብቦ ወደ ኢአርፒ በራሱ እንዳይገባ።

የሚፈቀዱት ፒዲኤፍ፣ ጄፔግና ቲፍ ብቻ ይሁኑ። አይነቱ በፋይሉ የመጀመሪያ ባይቶች ይረጋገጥ፤ ከስሙ ጭራ ላይ ያለውን ማንም ይቀይረዋል። በክላምኤቪ ወይም በመሰለው ጸረ ቫይረስ ይፈተሽ፤ መሥራቱን ለማወቅ ኢካር የተባለችውን 68 ባይት መሞከሪያ ፋይል ላኩ። ካለፈች ፍተሻው የለም ማለት ነው።

የሲስተሙ መለያ

ኢአርፒው ማኅደሩን የሚያንኳኳበት የራሱ መለያ ያስፈልገዋል። ብዙ ቦታ የሚደረገው የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል እዚያ መለጠፍ ነው፤ ያንን ያደረገ ቢሮ የማኅደሩን ዋና ቁልፍ ለኢአርፒ ፕሮግራመሩ፣ እሱን ለሚተካውና ኮዱን ላየ ሁሉ ሰጥቷል።

1. ሁለት መለያ ክፈቱ፦ አንዱ ሰነድ የሚያስገባ፣ አንዱ የሚያነብ። ሁለቱም መሰረዝና የሌላ ሰው ፈቃድ መቀየር አይችሉም። መሰረዝ የመዝገብ ቤት ኃላፊና የሒሳብ ሹም በአንድ ላይ የሚያጸድቁት ሥራ ይሁን።
2. በኦኦት 2.0 (የመግቢያ ፈቃድ መስጫ መስፈርት) የአጭር ጊዜ ቶክን፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፈንታ የሚላክ ጊዜያዊ ቁልፍ፣ ተጠቀሙ፤ 10 ደቂቃ በቂ ነው። ቋሚ የይለፍ ቃል በየጥያቄው አይላክ።
3. የምስጢር ቁልፉ ከኮዱ ውጭ፣ አገልግሎቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ይቀመጥ። በየ90 ቀኑ፣ እንዲሁም የሠራው ባለሙያ በለቀቀበት ቀን ይቀየር።
4. ግንኙነቱ መስመሩን በሚመሰጥረው ቲኤልኤስ 1.2 ወይም 1.3 ብቻ ይሁን። ፋየርዎሉ ወደ ማኅደሩ 443 ፖርት የኢአርፒ ሰርቨሩንና በቪፒኤን የሚገቡትን ቅርንጫፎች ብቻ ያሳልፍ። የኦዶ 8069፣ የአልፍሬስኮ (የማኅደር ሶፍትዌር) 8080፣ የፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) 5432 ፖርቶች ከውጭ ዝግ ይሁኑ።
5. አልፍሬስኮ ሲጫን የአስተዳዳሪው ስምም ይለፍ ቃሉም «አድሚን» ነው። ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ይቀየር።
6. ሎጉን ከፍታችሁ ቶክን የሚል ቃል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ለስህተት ፍለጋ ተብሎ የተከፈተ ዝርዝር ሎግ ቁልፉን በግልጽ እየጻፈ ለወራት ይረሳል።

ማኅደሩ ሲኤምአይኤስ የተባለውን የማኅደሮች የጋራ መገናኛ መስፈርት የሚያውቅ ከሆነ በእሱ አገናኙ፤ ነገ ማኅደሩ ሲቀየር ግንኙነቱ ከዜሮ አይጻፍም።

ፈቃድን ከኢአርፒው ጠይቁ

ዋናው ቦታ ይህ ነው። አደገኛው አሠራር እንዲህ ይመስላል፦ የሲስተሙ መለያ ሁሉን ይከፍታል፣ ኢአርፒው ደግሞ ለተጠቃሚው መጨረሻው ቁጥር የሆነ ሊንክ ያሳየዋል። የቡሬው መጋዘን ኃላፊ የራሱን ሰነድ 4817ን ከፍቶ አድራሻው ላይ 4818 ብሎ ሲጽፍ የዋና ቢሮው የደመወዝ ዝርዝር ይመጣል። ሲስተሙ እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ የከፈተው የሲስተሙ መለያ ነውና ሎጉም የእሱን ስም ይዞ ያርፋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ተጠቃሚው ግብይቱ ላይ ያለውን ሰነድ ሲጫን ኢአርፒው በቅድሚያ «ይህ ሰው ይህን ግብይት ማየት ይችላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከቻለ የተጠቃሚውን ስም ጨምሮ ማኅደሩን ጊዜያዊ ሊንክ ይለምናል። ማኅደሩ ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚሠራ፣ ሊገመት የማይችል አድራሻ ይሰጣል፤ ሎጉ ላይ የሲስተሙን መለያ ሳይሆን የሰውየውን ስም ይጽፋል። ሊንኩ በቴሌግራም ለጓደኛ ቢላክ ከ5 ደቂቃ በኋላ ባዶ ነው።

መዝገብ ቤት ደግሞ በቀጥታ ማኅደሩን መክፈቱ አይቀርም። እነሱ በኢአርፒው በሚገቡበት በዚያው መለያ ይግቡ፤ ለሁለቱ ሲስተሞች አንድ ኪክሎክ (የጋራ መግቢያ ሶፍትዌር) ወይም አንድ የኤልዳፕ የተጠቃሚዎች ማውጫ ይበቃል። ፈቃድ ለግለሰብ አይሰጥ፣ ለምድብ ይሰጥ፦ ቡሬ መጋዘን፣ ደጀን መጋዘን፣ ክፍያ፣ ሰው ኃይል፣ ቦርድ። ምድብ የሌለው ሰው ምንም አያይ።

ሦስት ቀዳዳዎች ሁልጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው ፍለጋ ነው፤ ሰነዱ ቢዘጋም የፍለጋው ውጤት ሥር የሚወጣው ሁለት መስመር ጽሑፍ ደመወዙን ያሳያል። ሁለተኛው ትንሿ የገጽ ሥዕል ናት፣ ብዙ ጊዜ ፈቃድ በማይጠየቅበት ፎልደር ትቀመጣለች። ሦስተኛው ዝውውር ነው፦ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የተዛወረ ሠራተኛ አዲሱ ምድብ ይጨመርለታል፣ አሮጌውን ግን ማንም አያነሣለትም። የዝውውር ደብዳቤው ግልባጭ ለአይቲ ክፍል ይድረስ፤ ይህ የቴክኒክ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፣ ለዚህም ነው የሚዘነጋው።

ከጸደቀ በኋላ እንዳይቀየር

ሰነዱ ሲገባ ኤስኤችኤ-256 ሃሽ ይሰላ፤ 64 ምልክት ያለው የፋይሉ የጣት አሻራ ማለት ነው፣ አንድ ነጥብ ቢቀየር ሌላ ይሆናል። ማጽደቂያው ሲጫን ያ ሃሽ ከአጽዳቂው ስምና ሰዓት ጋር ኢአርፒው ውስጥ ይጻፍ። የክፍያ ማዘዣ ሲዘጋጅ ኢአርፒው ፋይሉን እንደገና አስልቶ ያመሳክር፤ ካልተመሳሰለ ክፍያው ይቁም። እርማት ካስፈለገ አዲስ እትም ይግባ፣ ማጽደቁም እንደገና ይጀመር። ሃሹ ማኅደሩ ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ ዋጋ የለውም፦ ፋይሉን የሚቀይር ሰው ሃሹንም ይቀይረዋል።

የአቅራቢ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ለብቻው ይታይ። «ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ መግባቱ ኢአርፒው ላይ ያለውን ቁጥር በራሱ ሊቀይር አይገባም። አንድ ሰው ይሙላ፣ ሌላ ሰው ያጽድቅ፣ ከሁለቱ አንዱ ለአቅራቢው ይደውል፤ የሚደወለው ግን ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በተመዘገበው ነው።

ስካን የተደረገ ፊርማ ሥዕል ነው እንጂ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሚባለው ዲጂታል ፊርማ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ቢሰጥም፣ ስካን ስላደረጋችሁ ብቻ ዋናውን ወረቀት አታቃጥሉ፤ የሚቆይበትን ዘመን ከሒሳብና ከሕግ ባለሙያ ጋር በየሰነድ ዓይነቱ ወስናችሁ ማኅደሩ ላይ ሙሉ። የሠራተኛና የአባል ገበሬ መረጃ ያለበት ሰነድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚመለከተው ከመጋዘን ሰነዶች ጋር በአንድ ፎልደር አይደባለቅ።

ቀን፣ ሰዓትና ፊደል

ከውጭ የመጣ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። ዳታቤዙ ውስጥ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ማሳያውና ማተሚያው ብቻ ወደ እኛ ይቀይር። ሁለቱ ሲስተሞች በየፊናቸው ከቀየሩ አንዱ 2017ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ወስዶ ሰነዱን ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያስቀምጠዋል፤ የማቆያ ዘመን አልፏል ብሎም ለስረዛ ያቀርበዋል። መሞከሪያ ቀኖች፦ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ጁላይ 8 ቀን 2025 መሆን አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ 13ኛ ወር የማያውቅ ፎርም እዚህ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ እሱን የሳተ ሲስተም ሰነዱን በተዘጋ ዓመት ይከተዋል። ሰዓትም እንዲሁ፦ ሎጉ ላይ 2፡00 የሚለው ከሌሊቱ 8 ነው ወይስ ከጠዋቱ 2? አንዱን መርጣችሁ ርዕሱ ላይ ጻፉት።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ በተለመደው ኤክስት4 የዲስክ አደረጃጀት የፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ 85 ፊደል ላይ ይቆማል፤ «የቡሬ መጋዘን የበቆሎ ግዥ ርክክብ ቃለ ጉባኤ…» እያለ የሚረዝም ስም ግማሽ መንገድ ላይ ስህተት ያመጣል። አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ የፋይሉ ስም የሰነዱ ቁጥር ብቻ ይሁን፣ አማርኛው ርዕስ በራሱ መስክ ይሞላ።

ፍለጋው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አን፣ ዐንና ዓን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ «ዓለም» ተብሎ የተመዘገበ አቅራቢ «አለም» ሲባል አይገኝም፣ ሒሳብ ክፍሉም አዲስ አቅራቢ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ከዚያ አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተተየቡ ደብዳቤዎች ፍለጋ ላይ የላቲን ቅራቅንቦ ሆነው ይወጣሉ፤ እነሱን እንደ ሥዕል ስካን አድርጎ ርዕሱን በእጅ መሙላት ይቀላል።

መብራትና መስመር ሲጠፋ

የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ጎጃም ውስጥ የሠራ ሰው አይረሳውም። ቅርንጫፉ መስመር በሌለበትም መሥራት አለበት። ቡሬ ላይ ዲስኩ የተመሰጠረ ትንሽ ኮምፒውተር ይኑር፤ ስካን የተደረገው እዚያ ወረፋ ይያዝ። መስመር ሲመጣ ይላክ፣ ካልተሳካ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ እያለ እስከ 1 ሰዓት እያራዘመ ይሞክር። እያንዳንዱ ጭነት የግብይቱን ቁጥር፣ የሰነዱን ዓይነትና ሃሹን ያጣመረ መለያ ይያዝ፤ ማኅደሩ ያንን መለያ ሁለተኛ ሲያየው አዲስ ሰነድ አይክፈት፣ የቀድሞውን ቁጥር ይመልስ። ይህ ከሌለ መልሱ ሳይደርስ መስመር በተቆረጠ ቁጥር አንድ ሞዴል 19 ሦስት ይሆናል። ፋይሉ ከቅርንጫፉ የሚጠፋው ማኅደሩ ሃሹን አረጋግጦ ከመለሰ በኋላ ነው።

መብራት ተመልሶ ግንኙነቱ አልሠራም ካለ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ጠፍጣፋዋ፣ ሞታ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ይነሣል። ያኔ የቲኤልኤስ ሰርተፊኬቱ «ገና አልጀመረም» ይባላል፣ ቶክኑም ይጣላል። ሰው ሰርተፊኬት ማረጋገጫውን አጥፍቶ ያልፈዋል፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግ። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱን ከዋና ቢሮው ሰርቨር እንዲወስድ አድርጉ፤ ርካሽ ጥገና ነው።

ሌሎች የሚያጋጥሙ የስህተት ቁጥሮች፦ 413 ካለ ፋይሉ ከተፈቀደው በልጧል፤ ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር ካልተነካ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ ወደ 25 ከፍ አድርጉት። ባለ አንድ ገጽ አልፎ ባለ አምስት ገጽ ውል እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። 401 ቶክኑ አልፎበታል፤ 403 መለያው ተለይቷል ግን ፈቃድ የለውም። 403ን ለማጥፋት ብሎ የአስተዳዳሪ ፈቃድ መስጠት የተለመደ ስንፍና ነው፤ የጎደለውን አንዱን ፈቃድ ፈልጉ።

ማስጀመርና በየቀኑ ማየት

በአንድ መጋዘንና በአንድ የሰነድ ዓይነት ጀምሩ፦ ቡሬ፣ ሞዴል 19፣ ለአንድ ወር። ሰኔ በማዳበሪያ ሥርጭት፣ ሐምሌ በሒሳብ መዝጊያ፣ ከታኅሣሥ ወዲያ በእህል ግዥ ይጨናነቃል፤ ጥቅምት ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት በሦስት መለያ ሞክሩ፦ የቡሬ ሠራተኛ የደጀንን ሰነድ እንዲከፍት፣ የተዛወረ ሠራተኛ የድሮውን፣ የለቀቀ ሠራተኛ ማንኛውንም። ሦስቱም መከልከል፣ ሦስቱም ሎጉ ላይ መታየት አለባቸው። ሎጉ ወደ ሦስተኛ ማሽን ይላክ፤ የሁለቱ ሲስተሞች አስተዳዳሪዎች ይህን ማሽን እንዳይከፍቱት።

በየቀኑ ማታ ለሒሳብ ሹሙ ሦስት ቁጥር ይድረሰው፦ ሰነድ የሌለው ገቢ ስንት ነው፣ ገቢ የሌለው ሰነድ ስንት ነው፣ ሃሹ ያልተመሳሰለ ስንት ነው። የመጀመሪያው መስመር በጠፋበት ቀን ከፍ ቢል አይገርምም፣ ወረፋው ሲያልቅ ይወርዳል። ሦስተኛው ከዜሮ ከበለጠ ግን በዚያው ሌሊት ስልክ ይደወል።

ባክአፕ ሲወሰድ መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ቀጥሎ ፋይሎቹ ይቀዱ። ከተገለበጠ ዳታቤዙ የሚጠቅሰው ግን ቅጂው ውስጥ የሌለ ፋይል ይኖራል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግን ቢበዛ ባለቤት የሌለው ትርፍ ፋይል ነው የሚተርፈው። አንዱ ቅጂ ከደብረ ማርቆስ ውጭ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር፣ ተመስጥሮ ይቀመጥ። በሩብ ዓመት አንዴ ባዶ ማሽን ላይ ሁለቱም ይመለሱ፤ ከዚያ በአጋጣሚ 20 ክፍያ መርጣችሁ ሰነዳቸውን ክፈቱ፣ ሃሻቸውን አስሉ። የመክፈቻ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ በገንዘብ ያዡ ካዝና ይሁን፤ ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ቀኑና የሁለት ሰው ፊርማ ጀርባው ላይ ይስፈር።